የታጠበው ማጣሪያ

ልጅቷ የሞተር መጋዙን የማስነሻ ገመድ ለስምንተኛ ጊዜ ስትስብ፣ ከክዳኑ ሥር አንዲት የውሃ ጠብታ ወጥታ መሬት ላይ ጠብ አለች። እናት ያኔ ነው ጠብታዋን ያየቻት። ዝናብ አልዘነበም። ውሃው የእሷ ሥራ ነበር።

ሞተሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አንዴ አስሎ ዝም አለ።

"ትናንት ስሞክረው እኮ ወዲያው ነው የተነሳው፣" አለች ልጅቷ ላቧን በክንዷ እየጠረገች። "ቤንዚን አለው። ዘይቱን በልኩ ነው የቀላቀልኩት። ምን ነካው?"

"ገመዱ ከተበጠሰ የኔን ቀበቶ እሰጥሻለሁ፤ ሱሪዬን በእጄ እይዛለሁ፣" አላት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ።

ማንም አልሳቀም። ነፋስ የገነጠለው ወፍራም ቅርንጫፍ የመማሪያ ክፍሉ ጣሪያ ላይ ተጋድሟል፤ ነገ ልጆች ይገባሉ። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን አዩ።

"እስከ አራት ሰዓት ካልተነሳልሽ ሌላ ሰው እጠራለሁ። አትቀየሚኝ፣" ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ልጅቷ የዛፍ ቆረጣ ሥልጠናዋን ከጨረሰች ወዲህ ብቻዋን የያዘችው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው። እናት "የቅርንጫፉን ገመድ እይዝልሻለሁ" ብላ የተከተለቻት ለእርዳታ አልነበረም፤ አደጋው ሲደርስ ቅርብ ለመሆን ነው። በሐሳቧ ልጇ ከዛፍ ያልወደቀችበት ቀን የለም። ልብስ ስፌት ሱቋ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና ሽፋኑን እንደለበሰ ልጅቷን ይጠብቃል። አሁን ዝም ብትል መጋዙ አይነሳም። መጋዙ ካልተነሳ ደግሞ...

ልጅቷ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

"እማ፣ መጋዙ ደህና ነው። እኔ ነኝ የማልረባው። ምናልባት ይሄ ሥራ የኔ አይደለም።"

እናት ይህን ቃል ለመስማት ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ስትሰማው ግን ጣቷን ወደ መጋዙ ክዳን ቀሰረች።

"አጥቤዋለሁ፣" አለች።

"ምኑን?"

"ክዳኑ ውስጥ ያለውን፣ ማጣሪያ ያልሽኝን። ማታ፣ በሳሙና። አቧራው ሳንባሽ ውስጥ እንዳይገባ ብዬ። ሳይደርቅ መለስኩት መሰለኝ።"

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየቻት። "እማ! በሱ የሚተነፍሰው ሞተሩ ነው እንጂ እኔ ነኝ እንዴ?"

ዘበኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እትዬ፣ ጥርሱንስ አልፋቁለትም?"

ልጅቷ ክዳኑን ከፈተች። ማጣሪያው እንደ ራሰ ካልሲ ነው። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ስትፈታ ቤንዚን ያንጠባጥባል። "አየር አጥቶ በቤንዚን ታፍኗል፣" አለች፤ ድምፅዋ ተመልሶላት ነበር። ካንዴላውን በጨርቅ አደረቀች፤ የካንዴላው ቀዳዳ ክፍት እንደሆነ የማስነሻ ገመዱን ደጋግማ እየሳበች የታመቀውን ቤንዚን አስተፋችው። እናት ማጣሪያውን ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ላይ አስጥታ እንደ ሕፃን ልብስ ታገላብጠዋለች።

"ደረቀ?"

"ገና ነው።"

"አሁንስ?"

"እማ! እዚህ የምቸኩለው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉም ነገር ቦታው ተመለሰ። በሁለተኛው ስበት አሳለ። በሦስተኛው አጓራ። የዳይሬክተሩ መስኮት ብርግድ አለ። ቅርንጫፉ የታሰረበትን ገመድ ዘበኛው ያዘ፤ እናት ጆሮዋን ይዛ ዓይኗንም ጨፈነች። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ያየችው የልጇን ጣቶች ነው። አሥር ናቸው።

"ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውንም ደረቅ ዛፍ ነገ ቁረጪልን፣" አሉ ዳይሬክተሩ። "ልጆቹ ሳይመጡ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።"

ማምሻውን ልጅቷ መጋዙን እየወለወለች፣ "ነገስ ትመጫለሽ?" አለቻት።

እናት መሰላሉን አሰበች፣ የንጋቱን ጭጋግ አሰበች። ዛፍ ወዴት እንደሚወድቅ በምን ይታወቃል?

"ነገ ሱቅ እከፍታለሁ። ደንበኛ ቀጥሬያለሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ተኚ።"

በሩን ቆለፈች፤ ገፋ አድርጋ ሞከረችው። ከዚያ ልጅቷ ማንንም ሳትቀሰቅስ ከፍታ እንድትወጣ፣ ቁልፉን ነቅላ የሥራ ቆቧ ውስጥ አስቀመጠችላት።