አቶ ፍቅሩ ማዳመጥ የተማረ ጊዜ

አቶ ፍቅሩ ከናዝሬቱ ሥልጠና ሲመለስ አንገቱን መነቅነቅ ተምሮ መጣ። ዘመኑ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ የመጣበት ነበር፤ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ግድግዳ እያፈረሰ፣ ሠራተኛውን በአንድ አዳራሽ እየደረደረ፣ ኃላፊውን «የሥራ ሂደት መሪ» እያለ የሚጠራበት። የእኛም የመስኖ መሥሪያ ቤት ሁለት ግድግዳ አፈረሰና ፍቅሩን መሪ አደረገው። ለእሱ ብቻ በር ያለው ክፍል ቀረለት። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን አልለውም።

እኔ ሸዋዬ እባላለሁ፤ የቦይና የመዝጊያ ቴክኒሻን ነኝ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ነበር። ውሎዬ ከብረት ጋር ስለሆነ ከሰው ጋር ብዙ ማውራት አልወድም፤ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

ሥልጠናው «የአመራርና የተግባቦት ክህሎት» ይባል ነበር፤ አምስት ቀን፣ ከነሰርተፍኬቱ። ሰርተፍኬቱን በመስታወት አስገብቶ ከወንበሩ በላይ ሰቀለው። ድሮ ሰው ሲያናግረው ወረቀት ያገላብጥ ነበር። አሁን ዓይን ዓይንህን እያየ፣ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማህና ያልከውን መልሶ ይነግርሃል። ከዚያ ምንም አያደርግም።

ኅዳር ላይ የዋናው ቦይ መዝጊያ የተንጠለጠለበት የብረት ዘንግ ተሰንጥቆ አየሁና ልነግረው ገባሁ።

«ዘንጉ ተሰንጥቋል። ኮምቦልቻ ቶርኖ ቤት ልከን ካላስቀየርነው ይሰበራል» አልኩት።

«የገባኝን ልድገመው» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ዘንጉ ተሰንጥቋል፣ ሊሰበር ይችላል እያልሽ ነው። ትክክል ነኝ?»

«ትክክል ነዎት።»

«ስሜትሽን ስላካፈልሽኝ አመሰግናለሁ።»

ስሜቴን! የተሰነጠቀው ዘንጉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ከዚያ በኋላ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩለት። በሦስቱም ኅዳግ ላይ «ታይቷል» ብሎ ፈረመ።

የካቲት ላይ ዘንጉ ተሰበረ። መዝጊያው ወርዶ የቦዩን አፍ ደፈነው። በእኛ ቆላ በዚያ ወቅት ሽንኩርት በአራት በአምስት ቀን ውሃ ካላገኘ አለቀለት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልሳ የሚሆን ገበሬ ግቢያችንን ሞላው። ከፊት የቆሙት የውሃ አባቱ ጋሼ ቃሲም ናቸው፤ ተራ የሚያወጡት፣ በውሃ የተጣላውን የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። ከጎናቸው እትዬ አሲያ የጠወለገ ሽንኩርት ከነሥሩ ታቅፋለች፤ ከቦዩ ጫፍ፣ ከጀውሃ በኩል ነው የመጣችው።

ፍቅሩ እጀታውን ሰብስቦ ወጣ። መሪ ከሕዝብ ፊት እጀታውን እንዲሰበስብ ናዝሬት ሳይነግሩት አልቀሩም። ትልልቅ ወረቀት የተወጠረበት ሰሌዳ አስመጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አቆመና «በአምስት በአምስት ተቧደኑ!» አለ። «እያንዳንዱ ቡድን ጥንካሬያችንንና ድክመታችንን ይጽፋል።» ለጋሼ ቃሲም ማርከር ሰጣቸው። ሽማግሌው አገላብጠው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት።

አሲያ ሽንኩርቱን ፍቅሩ እግር ሥር ጣለችው።

ፍቅሩ ነቀነቀ። «የገባኝን ልድገመው እናቴ፤ ሽንኩርትዎ ጠውልጓል እያሉኝ ነው።»

«ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ታሟል!» አለች። «ጠውልጓል አልኩህ እንዴ? ይኸውልህ፣ እየው! ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?»

«ጥያቄዎ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ። ሰዉ ጮኸ። ከኋላ ያሉት ወደ ፊት ሲገፉ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ስልኩ ሲጠራ አልሰማሁም፤ «ከበላይ ነው፣ አንድ ጊዜ» አለና ገባ። በሩን ከውስጥ ሲቆልፈው ግን ሰማሁ።

ስልሳ ሰው ወደ እኔ ዞረ። የማወራው ስላጣሁ የማውቀውን አወራሁ።

«ዘንጉ ተሰብሯል። አዲሱ ተሠርቶ እስኪመጣ ስድስት ቀን ይፈጃል። ዛሬ መዝጊያውን በሰንሰለት ጎትተን ማንሣት እንችላለን። ሙሉ ከከፈትነው ግን መልሰን ማውረድ አንችልም፤ ውሃው ቦዩን ይንደዋል። ሲሶውን ከፍተን በግንድ እንደግፈዋለን። እሱ ውሃ ለሁሉም አይበቃም።»

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። «ጋሼ ቃሲም፣ ሲሶው እስከ የት ይደርሳል?»

አሰቡ። «እስከ ትልቁ ግራር። ከዚያ በታች መሬቱ ይጠጣዋል።»

ከግራሩ በታች አሥራ አራት ማሳ አለ። አንዱ የአሲያ ነው። እሷም ታውቃለች፤ ግን ከአፌ መስማት ፈለገች። «የኔስ?»

«የእርስዎ አይተርፍም፣ እትዬ አሲያ።»

«ዘንጉ መሰንጠቁን ከመቼ ጀምረሽ ታውቂያለሽ?»

«ከኅዳር።»

«ሳምንት ሳምንት በማሳዬ እያለፍሽ ሰላም ትይኝ አልነበር? ኅዳር ላይ ብትነግሪኝ ኖሮ ሽንኩርት እተክል ነበር?»

ሦስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ ልላት ፈለግሁ። ግን ለማን ነው የጻፍኩት? ለማያነብ ሰው። ለእሷ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ፍቅሩን በሆዴ እየናቅሁ፣ በንቀቴ እየኮራሁ ሦስት ወር ተመላለስኩባት።

«አላህ ይይላችሁ» ብላ ሄደች። ከግራሩ በታች ያሉት ተከትለዋት ወጡ።

የቀሩት ከአርባ በላይ ይሆናሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጎትተን መዝጊያውን አነሣነው። ጋሼ ቃሲም ተራ አወጡ፤ ገበሬዎቹም አዲሱ ዘንግ እስኪመጣ ስድስት ቀን ቦዩን እየተፈራረቁ ጠበቁት። ከግራሩ በላይ ያለው ሽንኩርት ተረፈ። ከታችኛው አንድም አልተረፈም።

በወሩ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች ምርጥ ተሞክሮ ሊቀምሩ መጡ። ፍቅሩ «በአመራሩ የላቀ የማዳመጥ ክህሎት የተፈታ የውሃ ቀውስ» የሚል ሃያ ገጽ አዘጋጅቷል። አሥራ አራቱ ማሳ የትም ገጽ ላይ የሉም። አንብቦ ሲጨርስ ወደ እኔ እጁን ዘረጋ። «ሸዋዬ ያፈራኋት መሪ ናት። እስቲ ተሞክሮሽን ንገሪያቸው።»

በአሥራ አንድ የሥራ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ላይ ልናገር ተነሣሁ።

«አቶ ፍቅሩ ያን ቀን በሩን ቆልፈው ውስጥ ነበሩ» አልኩ። «ሦስቱ ደብዳቤዎቼ ፋይል ውስጥ አሉ፤ ሦስቱም ላይ ፈርመዋል። አሥራ አራት ሰው ምርቱን አጥቷል። እኔም እያወቅሁ አልነገርኳቸውም።»

ከእንግዶቹ አንዱ ብቻ ጻፈ፤ ሌሎቹ ለስላሳቸውን ጠጡ። ፍቅሩ ፈገግ እንዳለ ነቀነቀ። «ግልጽነት! ይሄ ነው የምንፈልገው ባህል» አለ።

ተቀጣ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። በሁለት ወሩ ወደ ላይ ተዛወረ፤ ለአመራሮች ማዳመጥን የሚያስተምር አሠልጣኝ ሆኖ። አሁን እየዞረ አንገት ያስነቀንቃል። መሥሪያ ቤቱ ሌላ ሰው እስኪመድብ እኔን ተጠባባቂ መሪ አደረገኝ።

በተሾምኩ በማግስቱ ወደ አሲያ ማሳ ሄድኩ። መሬቱን እንደገና እየቆፈረች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና ቁፋሮዋን ቀጠለች።

«አዲስ ተራ እያወጣን ነው» አልኳት። «ውሃ በየትኛው ቀን ይሻልዎታል?»

«ሐሙስ።»

ጻፍኩ።

«ሐሙስ ባይመጣስ?» አለች፣ ሳታየኝ።

«ረቡዕ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

«ደብዳቤ ነው የምትጽፊልኝ?»

«በእግሬ ነው የምመጣው።»

«እናያለን» አለች። ዶማዋን አነሣች።