የተሰረቀ ሦስት ሳምንት

ሚሊያናን ለዚያ ቤት የዳራት እጇ ነው። በመልክማ ከእሷ የሚሻሉ በሰፈሩ ሞልተው ነበር። ሊያጯት የመጡ ቀን አማቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የልጅቷን እጅ ይዛ ስታገላብጥ ሰው ሁሉ ለቀለበት የምትለካ መስሎት ነበር። ሴትዮዋ ግን ሌላ ነገር ነበር የምትለካው። ወደ ባሏ ዞራ "ጠባብ ነው፣ ይገባል" አለች። ምጥ የጠናባት አሳማ ማህፀን ገብቶ፣ ተጋድሞ የቀረ ግልገል የሚያወጣ እጅ ማለቷ ነው። የሙሽራው የጎይኮ እጅ አካፋ ነው፤ የአባቱም ከዚያ አይሻልም። የእንስሳት ሐኪሙ እንደሆን ለስንት መንደር አንድ ሰው፣ የሚደርሰው ግልገሎቹ ከሞቱ በኋላ ነው። እንግዲህ ስሬም በሚባለው በዚያ አገር ውስጥ ያቺ እጅ ስንት ዓመት እንደሠራች ራሷ ሚሊያናም መቁጠር ትታለች።

አሳማ ያረባ ሰው ያውቀዋል። ግልገሎቻቸውን ጡት ያስጣሏቸው እናቶች በሳምንቱ ሁሉም ባንድ ላይ ኮርማ ይፈልጋሉ፤ ባንድ ላይ ይዳቀላሉ፤ ከሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ባንድ ላይ ያምጣሉ። በምጡ ሳምንት ሚሊያና ከግቢ አትወጣም። ያ ሲያልፍ ሌላው ቡድን ይደርሳል፤ እሱ ሲያልፍ ሌላው። ልጇ ቲያና ትርፍ አንጀቷን ስትቀደድ ሚሊያና እስከ ክንዷ አሳማ ውስጥ ነበረች። ቲያና ውጭ አገር፣ ግራዝ ሄዳ ስታገባም እንደዚያው። ሠርጉን በስልክ ነው ያየችው፣ እሱንም ስልኩን የያዘላት አማቷ፣ የጎይኮ አባት ስሬቴን ነበር፤ የእሷ እጅ አልጸዳማ።

ጎይኮ ክፉ ባል አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ጥላው ትሄድ ነበር። "የዚህን ዙር እናሳልፍና ትሄጃለሽ" ይላታል፣ ከልቡ ነው የሚለውም። ዙሩ ያልፋል፣ ሌላ ዙር ይመጣል፣ ጎይኮም ያንኑ ቃሉን ከልቡ ይደግመዋል።

ታዲያ ያን ሰሞን ቲያና ደውላ "እማ፣ አረገዝኩ፣ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤ ስወልድ ነይልኝ" ብላ የመውለጃዋን ቀን ስትነግራት፣ ሚሊያና ያደረገችው የመጀመሪያ ነገር ምን ይመስላችኋል? እልል አላለችም። በጣቷ አሰላች። ሐሙስ ጡት የሚያስጥሉት ቡድን የሚወልደው ልክ በዚያው ሳምንት ነበር። ለልጇ ግን "አጠገብሽ እሆናለሁ፣ በእናትነቴ" አለቻት፤ ስልኩን ዘግታም ከምግብ መጋዘኑ ጀርባ ቆማ አለቀሰች።

ከዚያ ነው ሰይጣን ሹክ ያላት፣ ወይም መልአክ፣ እኔ አልፈርድም። እነዚህ አሳማዎች በዚህ ዙር በጊዜያቸው ባይዳቀሉስ? ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ኮርማ መፈለጋቸው አይቀርም፤ ያኔ ታዳቅላቸዋለች፤ መውለጃቸውም ሦስት ሳምንት ይገፋል። ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የምትሰርቀው። ከዕድሜዋ ሙሉ ሦስት ሳምንት።

ሰኞ ዕለት ለመፈተኛ ብቻ የሚነዳው ኮርማ አሳማ፣ ጋሮ፣ በፊታቸው ሲያልፍ ሁሉም ጆሮአቸውን አቁመው ደርቀው ቆሙ። ሚሊያና ጀርባቸውን ስትጫነው ንቅንቅ የለም፤ ኮርማ የፈለገች አሳማ ምልክቷ ይህ ነው። ጎይኮ ከተማ ሄዶ ለማዳቀያ ያመጣውን የኮርማ ዘር፣ ጠርሙስ በጠርሙስ እየከፈተች ቦዩ ውስጥ ደፋችው። ዘሩ የሚገባባቸውን ቱቦዎች ከነማሸጊያቸው ምድጃ ውስጥ ከተተች። ከዚያ እንደ ደንቡ፣ የተዳቀለች አሳማ ጀርባ ላይ የሚደረገውን ሰማያዊ ምልክት በየጀርባቸው ቀባች። ማክሰኞም ያንኑ ደገመችው። ረቡዕ ሩማ ከተማ የአክስቷ ሙት ዓመት ነበረና ሄዳ ስትመለስ፣ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።

ሦስት ሳምንቱን የኖረችው በሌላ ሰው ቆዳ ነበር። እያንጎራጎረች በረት ትጠርጋለች። ለአራስ ልጅ የሚሆን ሹራብ ጀመረች። ጎይኮ "ምን አግኝቷት ነው ይቺ ሴትዮ?" ይላል፤ ስሬቴን ደግሞ ፂሙን እያሻሸ ፈገግ ይላል።

ቀኑ ደረሰ። ያልያዘች ካለች እንድትታወቅ ጎይኮ ጋሮን በፊታቸው አሳለፈው። ሚሊያና የሁሉንም ጆሮ ለማየት ተዘጋጅታ ቆማለች። ጋሮ አረፋውን እያዝረበረበ፣ እያጉረመረመ አለፈ። አንዷም ቀና አላለችም። ከንፈራቸውን እየላሱ ይበላሉ። ሚሊያና ሄዳ ጀርባቸውን ተጫነች፤ እየተነጫነጩ ሸሿት። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም፣ እስከ መጨረሻዋ።

"ሁሉም ይዘዋል" አለ ጎይኮ፤ ደስታ ፊቱን አብርቶታል። "አንድ እንኳ አልሳተችም። ይቺ እጅሽ የተባረከች ናት እኮ።"

ሚሊያና እጇን በሽርጧ ጠረገችው።

ስሬቴን ጎይኮ እስኪሄድ ጠበቀና ወደ መጋዘኑ ጠቀሳት። ከረጢት ላይ ተቀመጠ፤ ሊናገር የቸኮለ ሕፃን ይመስላል።

"እኔ ነኝ" አላት ቀስ ብሎ።

"ምኑን አባባ?"

"የቆሻሻውን ባልዲ የምደፋው እኔ አይደለሁ? ጀርባቸው ሰማያዊ ነው፣ ባልዲው ውስጥ ግን ያገለገለ ቱቦ የሚባል የለም። ሰኞም የለም፣ ማክሰኞም የለም። ልጄ ደክሟታል፣ ቀለሙን ቀብታ ዋናውን ረስታዋለች አልኩ። ጎይኮ ቢሰማ ቤቱን በጩኸት ያፈርሰዋል። አንቺ ሩማ በሄድሽ ዕለት፣ እሱም እርሻ ላይ ስለነበር፣ ጋሮን ወደ አሳማዎቹ አንድ በአንድ አስገባሁት። ወገቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ግን አንጀቴ አልችል አለ፣ አንቺ ስትሰደቢ መስማት።"

ሽማግሌው ምስጋናውን ይጠብቃል። በዚያ ቤት ከሁሉ አስቀድሞ ስሟን በደግ የጠራ፣ ሲያተኩሳት ሾርባ የሠራላት፣ ቲያናን አዝሎ ያሳደገላት እሱ ነው። ታዲያ ምን ትበለው?

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ፍሪጁን ከፈተች። ጊዜዋ አልፎ አልወልድ ላለች አሳማ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ያው መርፌ ገና የያዘችውን ከወጓት ያስወርዳታል። ይህን ማንም የማያውቀው ምሥጢር አይደለም። ብልቃጡን በኪሷ ይዛ በረት ገባች። አሳማዎቹ በጎናቸው ተጋድመው ያንኮራፋሉ። መርፌውን ሞላችና ከመጀመሪያዋ አጠገብ ተንበረከከች። ያኔ ስሬቴን ገባ።

መርፌውን አየ፣ እሷን አየ። ገጠሬ ነው፣ ሳይጠይቅ ገባው።

"አልረሳሁም ነበር አባባ" አለች። "ሆን ብዬ ነው። ቲያና የምትወልደው በዚያው ሳምንት ነው።"

ስሬቴን ፍርግርጉን ተደገፈ። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርዎ ሂጂ ይሉኝ ነበር?"

አሰበ። ሊዋሻት ይችል ነበር፣ አልዋሻትም። "አልልሽም ነበር" አለ። "ያለ አንቺ ግማሹ ግልገል ይሞታል።" ወደ በሩ ሄደ፤ እዚያ ደርሶ ጀርባውን እንደሰጣት ቆመ። "ከወጋሽም ወጋሽ። እኔ አላየሁም። ጎይኮ ቢመጣ ደጅ አቆየዋለሁ።"

እንግዲህ የሚይዛት አልነበረም። በሩን የሚጠብቅላት እንኳ ተገኘ። ሚሊያና ግን ከመውጋቷ በፊት የልጇን ድምፅ መስማት አማራት፤ አንጀቷ እንዲጠና። ደወለች።

"እመጣለሁ የኔ ልጅ። ሁሉን አስተካክዬዋለሁ።"

"እማ፣ ጉድሩን ፈቃድ ወስዳለች እኮ።" ጉድሩን የቲያና ባል እናት ናት።

"ለመቼ?"

"ለዚያው ሳምንት። ገና እንዳረገዝኩ ነው የለመንኳት።"

"እኔን ነይ አላልሽኝም እንዴ?"

"ነይ ካላልኩሽ ይከፋሻል ብዬ ነው። እንደማትመጪ አውቃለሁ፣ አልተቀየምኩሽም፤ እውነቴን ነው። አሳማዎቹ የሚወልዱበት ጊዜ ነው አይደል?"

"ማን ነገረሽ?"

"መች የማይወልዱበት ጊዜ አለ እማ?"

በንዴት ብትለው ሚሊያና ትመልስላት ነበር። በንዴት አልነበረም። እየሳቀች ነው ያለችው፣ ሰው ስለ አየሩ እንደሚያወራ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደችውን ነገር እንደምታወራ።

"እመጣለሁ አልኩሽ" አለች ሚሊያና።

"እሺ እማ" አለች ቲያና። ጎይኮ "የዚህን ዙር እናሳልፍና" ሲላት ሚሊያና ራሷ "እሺ" የምትለው ልክ በዚህ ድምፅ ነው።

ስልኩ ተዘጋ። ሚሊያና እንደተንበረከከች ቆየች። የአሳማዋ ሆድ ከፍ ዝቅ ይላል። እጇን ዘርግታ ጆሮዋ ሥር ያለውን ቆዳ ያዘች፣ መርፌው የሚገባበትን ቦታ። ልትወጋ ትችላለች። ወግታ፣ ሄዳ፣ ግራዝ ደርሳ፣ እሷን ማንም ያልጠበቀበት አልጋ አጠገብ እንደ እንግዳ ልትቆም ትችላለች። ጉድሩን ወንበር ትለቅላት ይሆናል። ለዚህ ነው? አለች በልቧ።

የመርፌውን መድኃኒት ቦዩ ውስጥ ደፋችው።

ስሬቴን ወደ ውስጥ ዞሮ ባዶውን መርፌ አየ፤ ተኝተው የሚያንኮራፉትን አሳማዎችም አየ። "ወጋሻቸው?"

"ተውኩት።"

ሽማግሌው በረጅሙ ተነፈሰ። መጥቶ በዚያ አካፋ በሚያህል እጁ ራሷን ዳበሳት፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ይወዳታል፣ በዚያ ቤት እንደሱ የሚወዳት የለም።

"እንደማታደርጊው አውቅ ነበር" አላት።

ከውጭ ጎይኮ ጠራት። ከሌላኛው ቡድን አንዷ ማማጥ ጀምራለች። ሚሊያና ተነሣች፣ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችና ልትታጠብ ሄደች።