የምራቴ ምላስ

ምራቴ ሐሊና ገበታ ላይ ስትቀመጥ ደሜ ይፈላ ነበር። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ሽንኩርት ልጣ አታውቅም፣ የወጤን ጉድለት ለመናገር ግን የሚቀድማት የለም። «ማሚ፣ ቹምቪ በዛ» ትለኛለች፤ ጨዌን እንኳ በስዋሂሊ ነው የምትነቅፈው። ልጄ ኪሩቤል በጠረጴዛው ሥር እግሯን ይነካታል፤ እሷ ዝም አትልም። ዌስትላንድስ ላይ ምግብ ቤት ከፍቼ ስንቱን ያበላሁ ሴት በገዛ ቤቴ ተፈታኝ ሆንኩ።

ከፋሲካ በኋላ ብርቱ ጉንፋን ያዘኝና ማሽተቱንም መቅመሱንም ይዞብኝ ሄደ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ባሸት ምንም የለም። ሐኪሙ «ይመለሳል፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም» አለኝ። ቅዳሜ ደግሞ ፓርክላንድስ የእትዬ ታየች ልጅ ሠርግ ነው፣ ዶሮ ወጡም የኔ ነው። እትዬ ታየች አንድ ወጥ ከነቀፉ የናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ ምግብ ቤቴን ማን ይረግጠዋል?

ለማንም ሳልናገር ሐሙስ ዕለት የምሳውን ወጥ በግምት ሠራሁ። ደንበኞቹ በሉ፣ አመስግነውኝ ሄዱ። ሐሊና ከጊጊሪ፣ ከቢሮዋ መጥታ ነበር፤ አንድ ጎርሳ «ሶሪ ማሚ፣ ቁሌቱ አርሯል» አለች። ልቆጣት አፌን ከፈትኩ። ድስቱን ሳማስለው ግን ሥሩ ጠቁሯል። ከዚያ ሁሉ ሰው እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሠርጉን አልችልም ልል ስልኬን አነሳሁ። የእትዬ ታየችን ቁጥር ስፈልግ ግን ሳቄ መጣ። እግዜር ምላሴን ሲወስድ ምትክ አዘጋጅቶልኝ ኖሯል፤ ምትኬ ይኸው ውጭ ቁጭ ብላ ወጤን እያማች ነው። ስልኩን አስቀምጬ ጠራኋት።

«ማሽተትም መቅመስም አቅቶኛል» አልኳት። «ለሠርጉ እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ትቀምሺልኛለሽ።»

«እኔ እኮ ወጥ አላውቅም፣ ማሚ።»

«መንቀፍ ታውቂ የለ? እሱ ይበቃኛል።»

በዓለ ሃምሳ ነውና አርብ ብትሆንም ጾም አልነበረም፤ ሐሊና ከቢሮ ቀርታ ቀኑን ሙሉ ስትቀምስ ዋለች። እኔ የሽንኩርቱን ድምፅ በጆሮዬ፣ የበርበሬውን መልክ በዓይኔ እከታተላለሁ። «ገና ነው፣ ጥሬ ጥሬ ይላል» ስትለኝ አቆየዋለሁ። ኮረሪማ ልደግም ስል እጄን ያዘችኝ። በእኔ ወጥ ቤት እጄን ይዞኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ሙሽሮቹ ሳይገቡ እትዬ ታየች በቀጥታ ወደ ድስቱ መጡ። ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐሊና የቀሚሴን ጫፍ ጨብጣ ቆማለች።

«አያልነሽ፣ እንዲህ አድርገሽ ሠርተሽ አታውቂም» አሉ። «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።»

ሐሊናን ክንዷን ይዤ ፊታቸው አቆምኳት። «እጁ የኔ ነው፣ እትዬ። ምላሱ የምራቴ ነው» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

እትዬ ታየች እልልታውን ለቀቁት፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። ሐሊና እንባዋን እየጠረገች ከድስቱ አንዴ ቀመሰችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ማሚ፣ ትንሽ ቹምቪ ያንሰዋል።»

ጨመርኩ።