ግማሹ የመምህሩ

«ታብሌቱን ልመልስ ነው የመጣሁት፣ ቲቸር። ቻርጀሩም አብሮ አለ።»

መምህር ዳኜ እጁን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ዕቃ ዳሰሰ። ድምፅዋን ያውቀዋል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ገለቴ ናት። ያልገባው ነገር፣ በተቃውሞ መንገድ ከተዘጋ በሦስተኛው ቀን፣ ያውም ቅዳሜ ጠዋት፣ ዕቃ ለመመለስ ምን እንዳስቸኮላት ነው። እሱ እንኳ ትምህርት ቤት የመጣው ቤቱ ብቻውን መዋል ስለሰለቸው ነበር።

«ሰኞ ስትመጪ አይደርስም?»

«ሰኞ አልመጣም። እናቴ ተጂ ያለችው አክስቴ ጋ ልትወስደኝ ነው። ትምህርቱ ቀረ።» ለመሄድ ፈቀቅ አለችና፣ «ነግሬዎት ነበርኮ» አለች።

«መቼ?»

«ድርሰቴ ላይ።»

ዳኜ ሰበታ ከሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ ወጥቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ደርሶ ተመልሶ፣ እዚሁ ከተማ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። እስከ አምና ድረስ ድርሰት የሚያርመው በጆሮው ነበር። ተማሪው አጠገቡ ተቀምጦ ያነብለታል፤ ስህተት ሲመጣ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ ያደርጋል፤ ተማሪው ተመልሶ ያቃናዋል። አንዳንዱ ንባቡን ትቶ የቤቱን ጉድ ያወራለት ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ዳኜ ሰው የሚያገኘው በዚያች ሰዓት ነበር።

ዘንድሮ ታብሌት መጣ። ተማሪው ይጽፋል፣ ታብሌቱ ውስጥ ያለው ኤአይ ሰዋስዉን ያርማል፣ መምህሩ ደግሞ ስለ ሐሳቡ አስተያየት ይጨምራል። ማርኩ ግማሹ የማሽኑ፣ ግማሹ የመምህሩ ነው። አሠራሩ ክፉ አልነበረም፤ የልጆቹ እንግሊዝኛ መሻሻሉን ዳኜም አይክድም። ግን ድርሰቱን ስልኩ በዚያ በማይደክመው ድምፁ ስለሚያነብለት አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ዳኜ ከፋው። ከፍቶት ዝም ቢል ደግ ነበር፤ እሱ ግን የራሱንም ግማሽ ለማሽኑ ለቀቀለት። ድርሰቱን ሳያስነብብ ስልኩ ላይ አንድ ቦታ ይነካል፤ አስተያየቱ በማሽኑ ተጽፎ ይመጣል፤ ይልከዋል። ርዕሰ መምህሩ ዲኖ እንዲያውም በስብሰባ ላይ ስለ ፍጥነቱ አመስግኖት ነበር። ዳኜ ምስጋናውን አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

«ምን ብዬ መለስኩልሽ?» አለ አሁን።

«‹ስሜት የሚነካ ጽሑፍ ነው፤ መደምደሚያውን አሳጥሪው።›»

«መደምደሚያው ምን ይል ነበር?»

ገለቴ የቻርጀሩን ገመድ ስትጠቀልል ይሰማል።

«ለእርስዎ ነበር የጻፍኩት፣ ቲቸር። እንዳትወስደኝ እናቴን ያናግሩልኝ፣ እርስዎን ትሰማለች ብዬ። በአፌ አልወጣ አለኝ። እሷም የማታነበው ቋንቋ ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት። ‹አሳጥሪው› ሲሉኝ፣ በቃ አይመለከተኝም ማለታቸው ነው አልኩ።»

«ኔትወርኩ ሰሞኑን…» ብሎ ጀመረ። ሰበቡ ጥሩ ነበር። ሰሞኑን ኔትወርክ ያላስቸገረው ሰው የለም፤ ልጅቷም ታምነው ነበር። ግን መጨረስ አቃተው።

«አላነበብኩትም» አለ። «የላክሁልሽንም የጻፈው ማሽኑ ነው።»

«ያረመውም እሱ፣ የመለሰውም እሱ?»

«አዎ።»

«ታዲያ እኔ ለማን ነው የጻፍኩት?»

ዳኜ አፈረ። በሃያ ሦስት ዓመት ተማሪ ጠይቆት እንዲህ ያፈረበትን ቀን አያስታውስም።

«እናትሽ የት ናቸው?»

«አስፋልቱ ዳር። መንገዱ ቢዘጋም ሹልክ ብሎ ወደ ተጂ የሚያልፍ አይሱዙ አለ ብለዋት እየጠበቀች ነው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉት እውነታቸውን ነው። ቢሆንም በትሩን አንስቶ ተነሣ።

ውጭው ጭር ብሏል። ዳኜ ይህን መንገድ የሚሄደው በባጃጆቹ ጥሩምባና በታክሲ ረዳቶች ጩኸት እየተመራ ነበር፤ ዛሬ ግን ከተቃጠለ ጎማ ሽታ በቀር ምልክት አልነበረውም። ገለቴ ክንዱን ይዛ እናቷ ዘንድ አደረሰችው።

«አካም ጅርቱ፣ መምህር» ስትል በኦሮምኛ ሰላም አለችው የገለቴ እናት ቦሰና። «በዚህ ቀን ምን አወጣዎት?»

«ስለ ገለቴ ነው።»

«እኔ ትምህርት ጠልቼ መሰለዎት? ያደታም ደብተሩን እንደያዘ ነው የወጣው።»

ያደታ የበኩር ልጅዋ ነበር። በ2008፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በጥይት ሞተ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቦሰና ገለቴን በር ዘግታባት ትውላለች። ዘንድሮ ግን በር መዝጋቱም አላስተማመናትም።

«ጎበዝ ናት ልልዎት አልመጣሁም» አለ ዳኜ። «ልጅዎ የሚሰማት ሰው ፈልጋ ጻፈችልኝ፤ እኔ ሳላነብ መለስኩላት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከመሄዷ በፊት አንድ ሰው ይስማት።»

«ምን ብላ ነው የጻፈችው?»

«ከራሷ ይስሙት።»

የአይሱዙው ድምፅ ከሩቅ መጣ፣ ቀረበ፣ አጠገባቸው ቆመ። በር ተከፈተ። አንድ ወንድ በኦሮምኛ ፍጠኑ አለ፤ የሚጎተት ነገር ተሰማ፤ በሩ ተዘጋ። መኪናው ሄደ።

ዳኜ ባለበት ቀረ። ሰዎች ሳይነግሩት ሄደው ባዶ ቦታ ሲያናግር የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እንደዚያ ያለ ብቸኝነት ማንም አይወድም። ስለዚህ አሁንም አልተጣራም። የሚሰማው ነፋስና የፌስታል ኮሽታ ብቻ ነበር።

«ዱቢሲ» አለ የቦሰና ድምፅ ከበታቹ። አንብቢ ማለቷ ነው፤ የተሳፈሩት ሌሎች ኖረዋል።

ረቂቁ የተጻፈበት ደብተር ገጽ ሲገለጥ ሰማ። ገለቴ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እንግሊዝኛውን ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች፣ እየቆመችና እየጀመረች፣ ማንበብ ያዘች።

«መኪና ነገም ያልፋል» አለች ቦሰና። «ይቀመጡ፣ መምህር። እኔም አልሰማኋትም ነበር።»

ዳኜ መቀመጫ የሚሆን ድንጋይ በእጁ ፈልጎ አጠገባቸው ተቀመጠ።