የአደባባይዋ ጣውንቴ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ያቺን ሴት አልወዳትም። ከሞተች መቶ ዓመት አልፏታል፤ ቢሆንም ባሌን ነጥቃኛለች።

ባሌ የታሪክ አስተማሪ ነበር። ጡረታ ሲወጣ፣ እንግዲህ ሁለታችን ብቻ ልንሆን ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እሱ ግን የከተማችንን ትልቅ አደባባይ ታሪክ እመረምራለሁ ብሎ ተነሳና እሷን ቆፍሮ አወጣት። ቦታው ገና ሜዳ ሳለ ጉድጓድ አስቆፍራ ውሃ ትሸጥበት ነበር፤ ሰዉም «ውሃ ሻጯ ጋ» ነበር የሚለው። ኋላ አንድ ንጉሥ በስሙ ሰየመው፤ ንጉሡን የገለበጠው ጄኔራል ደግሞ በራሱ ስም። አሁን የጄኔራሉ ስም ሊነሳ ነው ሲባል፣ ባሌ የሴትዮዋ ይመለስ ብሎ ማዘጋጃ ቤት ሮጠ።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ላይ እሷ፣ እራት ላይ እሷ። «በድርቁ ጊዜ ለደሃ በነጻ ትቀዳ ነበር እኮ» ይለኛል፣ ዓይኑ እየበራ። የስፌት መኪናዬ ላይ ጎብጬ የሰው ቀሚስ እየሰፋሁ ልጆቹን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ዓይኑ እንዲያ በርቶ አያውቅም። አንጀቴ አረረ።

ማዘጋጃ ቤቱ ነዋሪው አስተያየት ይስጥ ብሎ ስብሰባ ሲጠራ፣ ልቃወማት ቆርጬ ሄድኩ። ባሌ ከፊት ተቀምጧል። ከእኔ በፊት አንድ ባለሕንጻ ተነሳ።

«ከጄኔራል ወደ ውሃ ሻጭ? ለመሆኑ ሴትዮዋ ምን ሠራች? ቀድታ ሸጠች፣ በቃ።»

ሰው ሳቀ። እኔን ግን «ሰፍታ ሸጠች፣ በቃ» ያለኝ መሰለኝ፤ ደሜ ፈላ። ተነስቼ በድርቁ እነማንን እንዳጠጣች፣ ንጉሡ ጉድጓዷን ሲወስድባት ስንት ደጅ እንደጠናች፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። በየምሳው ስጋተው የኖርኩት ነው። እጅ ሲቆጠር በእሷ ስም ይሁን ተባለ።

ምላሴን እየረገምኩ ወጣሁ። ግን ደግሞ ስሟ ከተሰቀለ የእሱም ሥራ አለቀ፣ ሰውዬው ወደ ቤቱ ይመለሳል ብዬ ተጽናናሁ። እውነትም የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ደረሰብኝና አቅፎኝ አለቀሰ። በሰው ፊት አቅፎኝ አያውቅም። እፍረቱም፣ ደስታውም አንድ ላይ መጣብኝ።

«በል፣ ወደ ቤታችን እንሂድ» አልኩት።

«እንሂድ» አለ እንባውን እየጠረገ። «ከነገ ጀምሮ ግን መቃብሯን መፈለግ አለብን።»

እኔ ዛሬ የቀበርኳት መስሎኝ ነበር።