በእማዬ ልክ

«እናቴ፣ ጎማውን ያዝ ያድርጉልኝ፤ እንዳይንሸራተት» አለ ፎርማኑ፣ የአርክቴክቷን እናት ተሽከርካሪ ወንበር ለኮንክሪት ማፍሰሻ በተመታው ጣውላ ላይ እየገፋ ሲያወጣ። ሠራተኞቹ «ቶሎ በል» የሚል ስም ያወጡለት ያለ ነገር አይደለም፤ ሴትየዋ ገና ሳይደላደሉ ሰዓቱን አየ። ውጭ የኮንክሪቱ መኪና ሆዱን እያዞረ ይጠብቃል። ኮንክሪት ደግሞ ይሉኝታ የለውም፤ ካቆዩት ይደርቃል።

አርክቴክቷ ታች መጫወቻው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከጠዋት ጀምሮ እግሯ አላረፈም። የስፖርት አዳራሹን ሲያፈስ የኖረ ጣሪያ አስነቅላ ብርሃን አስገብታለች፤ እንግዳ ሲመጣ የምታሳየው ግን እናቷ አሁን የወጡበትን ጥግ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጡ ተመልካቾች የሚሠራውን መደብ ከፍታ ከመጽሐፍ አልወሰደችም። እናቷን ቤት መስኮት ሥር እንደተቀመጡ በሜትር ለክታ ነው ያወጣችው። «በእማዬ ልክ የተሠራ ነው» ትላለች፣ ደረቷን ነፍታ። ዛሬ ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት እናቷ እንዲመርቁላት አመጣቻቸው።

«እማዬ፣ ሁሉም ይታይሻል?»

«ጥርት አድርጎ ነዋ። እጅሽ ይባረክ።»

«በቃ፣ መኪናውን ላስገባ?» አለ ቶሎ በል።

አርክቴክቷን መልሱ አላማራትም። እኚህ ሴት ሻይ ልቅዳልሽ ሲባሉ እንኳ አስበው ነው የሚመልሱት። ቢጫ ሄልሜቷን አውልቃ ከመደቡ ሥር ባለው የሜዳው መስመር ላይ አኖረችው።

«እማዬ፣ መስመሩ ላይ ምን አስቀመጥኩ?»

እናትየዋ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

«ያው... ኳስ ነዋ።»

ቶሎ በል ሊስቅ ብሎ ዋጠው።

አርክቴክቷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች። ከእናቷ ጎን ተንበርክካ በእሳቸው ዓይን ትክክል አየች። ከፊት የታሰረው መከታ ብረት የሜዳውን ግማሽ ሸፍኖታል። ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ራሴ አይደል እንዴ የለካሁሽ?»

«ለክተሽኛል፤ ከነትራሴ» አሉ እናትየዋ፣ የሻርፓቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ። «ቤት መንገዱን ለማየት ትራስ እደራርብ የለ? ላውጣው ብልሽ፣ ዝም ብለሽ ተቀመጪ አልሽኝ። በትራስ ላይ ሆኜ ውጭ ብወጣ፣ ጎማው ጠጠር ሲነካ እወድቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይታየኛል አልሽ?»

«ሰው ፊት ላዋርድሽ? እኔ እንደሆንኩ ትራሴን ይዤ እመጣለሁ።»

ይሄ አንጀቷን በላት። በእናቷ ቸርነት ብትሸፈን ማንም አያውቅባትም። ሌላው ተመልካች ግን ዕድሜ ልኩን ብረት ሲያይ ሊኖር ነው።

«አለቃ፣ አዳራሹ የሚከፈትበት ቀን ደርሷል» አለ ቶሎ በል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ትንሽ ቢያንስ ማን ያውቃል?»

«መኪናውን መልሰው። መደቡ ከፍ ይላል፤ ጣውላውን አስነቅለው።»

«ተቋራጩ ሲጮህብኝ ምን ልበለው?»

«አርክቴክቷ እናቷን ከነትራሷ ለክታ ተሳሳተች በለው።»

ቶሎ በል ራሱን እያከከ ወረደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ።

«አንቺ ልጅ፣ አሁን ይሄ ይነገራል?» አሉ እናትየዋ። ይህን እያሉም ወንበራቸው ላይ ቀና፣ ጠበቅ አሉ፤ ልጃቸውን በቁመት ሊያግዟት።

አርክቴክቷ ሜትሯን ከኪሷ መዘዘች።

«እንደሱ አይደለም፣ እማዬ። እንደ ሁልጊዜሽ ጎበጥ በይልኝ።»