ድልድዩ እስኪያልቅ

ጦጣዋ በሽቦው ቀዳዳ እጇን ሰድዳ የፖም ቁራሹን ከሱዙኖ መዳፍ ላይ ላፍ ስታደርገው፣ ልጅቷ "ውይ!" ብላ ወደ ኋላ ተፈናጠረችና የአባቷን እግር ረገጠችው።

"ጨፈለቅኩህ?"

"ግድ የለም፣ ሌላ አንድ አለኝ" አለ ኩኒሂኮ እግሩን እያሻሸ።

"እጇ እኮ ይሞቃል አባዬ! ጥፍሯ ደግሞ ቁርጥ የሰው! ሞክራት እስቲ።"

ኩኒሂኮ አንድ ቁራሽ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ዘረጋ። ጦጣዋ ግን ፊቱን አየት አድርጋ ጀርባዋን ሰጠችው። ሱዙኖ በሳቅ ፍርስ አለች። ጦጣ እንኳን የከፋውን ሰው ታውቃለች አለ በልቡ። በጦጣ መናፈሻው ኮረብታ አናት ላይ በሽቦ በታጠረው ቤት ውስጥ የሚቆመው ሰው ነው፤ ጦጦቹ ከውጭ በጣሪያው፣ በመስኮቱ፣ በአጥሩ ላይ እንደ ልባቸው ይፈነጫሉ። ከሥር የአራሺያማ ሰፈር ከነወንዙና ከነረጅሙ ድልድዩ ተዘርግታለች፤ ከእሷ ወዲያ ኪዮቶ በሚያዝያ ጭጋግ ውስጥ አንቀላፍታለች።

ኩኒሂኮ ከእናቷ ጋር ከተፋታ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ሱዙኖ ከእናቷ ጋር ቀረች፤ ለአባቷ የተቆረጠለት በወር አንድ እሑድ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት። በነዚያ እሑዶች አባትና ልጅ ያልረገጡት የልጆች መዋያ የለም። የባቡር ሙዚየሙን አራት ጊዜ አይተውታል። የዓሣ ማሳያውን ቤት፣ የሳሙራይ ፊልም የሚሠራበትን መንደር፣ የአራዊት ማቆያውን ትንሽ ባቡር አዳርሰዋል። አጋዘን በየመንገዱ ወደሚንሸራሸርባት ናራ ሄደው አንድ አጋዘን የሱዙኖን ካርታ ከነመመለሻ ቲኬታቸው በልቶባቸዋል። ሌላው አባት ቤቱ ተቀምጦ፣ ጋዜጣ እያነበበ፣ "ውኃ አምጪልኝ" እያለ አባት ይሆናል። ኩኒሂኮ ግን አባት የሚሆነው በመግቢያ ቲኬት ነበር፤ በሩ ሲዘጋ አባትነቱም ይዘጋል። ልጅቷም ይህን ሳታውቀው አልቀረችም። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷት፣ ለጦጣ ፖም ማብላት የሚያስደስታት ዕድሜ ካለፈ በኋላ እንኳ፣ "አድጌያለሁ እኮ" ብላው አታውቅም።

ዛሬ የመጨረሻው እሑድ ነው። ይህን እሱ ያውቃል፤ እሷ አታውቅም።

ሐሙስ ዕለት ከአንድ ሆስፒታል አሳንሰር አናት ላይ ተንጠልጥሎ ሽቦ ሲፈትሽ እናቷ ቶሞኤ ደወለችለት። ሌላ ካገባች ስምንት ወር ሆኗታል። አዲሱ ባሏ አቶ ኦጊኖ፣ እውነት ለመናገር፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለ።

"ኦጊኖ ልጁ አድርጎ በሕግ ተቀብሏታል" አለች ቶሞኤ። "የቤተሰብ ስሟም የእሱ ሆኗል። አዲስ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ አዲስ ቤት አላት። ከአንተ ጋር ከዋለች በኋላ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አታወራም። ኩኒሂኮ፣ ይቅር። የእሑዱ ነገር ይቅርብን።"

"እሷ ምን አለች?"

"አልነገርኳትም። እኔ ብነግራት ዕድሜ ልኳን ትጠላኛለች። አንተ ንገራት። ሥራ ቀይረውኛል በላት። ሩቅ ነው በላት። ካጎሺማ በላት፣ ያቺ ከአገሩ ደቡብ ዳር ያለችው ከተማ። ስለ እግዜር፣ እኔም ልቤ እየተቀደደ ነው።" ከዚያ በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ሰማት።

ኩኒሂኮም "እሺ" አለ።

እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። ይህን ተረት ያወጣ ሰው ኩኒሂኮን አያውቀውም። እሱ ዕድሜ ልኩን እሺ ያለ ሰው ነው። ለአለቃው እሺ፣ ለፍቺው ወረቀት እሺ፣ በወር አንድ እሑድ ሲባል እሺ። በእሺ ብዛት ያተረፈው አንድ ጠባብ ክፍልና ሁለት ሳህን ነው።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሱዙኖ ከፊት ከፊት እየዘለለች፣ የትምህርት ቤቷን አዲስ ቦርሳ በአንድ ትከሻዋ አንጠልጥላ ነበር። የቦርሳው ስም መጻፊያ ሲገለበጥ ኩኒሂኮ አነበበው። "ኦጊኖ ሱዙኖ" ይላል፤ በራሷ በዚያች ቀጥ ባለች የእጅ ጽሕፈቷ። ዓይኑ ያረፈበትን አየችና ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻዋ አዞረችው።

"ትምህርት ቤት ጻፉ ስላሉን ነው።"

"አምሯል" አለ። "የእጅ ጽሕፈትሽ ተሻሽሏል።"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሁለቱም ከዚያ በኋላ ስለ ጦጣ ብቻ እያወሩ ወረዱ።

ከኮረብታው ሥር ብዙም ሳይርቅ፣ ልጆች በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ጥበብ ሊለምኑ የሚመጡበት ቤተ መቅደስ አለ። የተወለዱበትን ዓመት አንድ ብሎ በሚጀምረው በድሮው አቆጣጠር ሱዙኖ አሥራ ሦስት ሆናለች። እንደ እሷ የደንብ ልብስ የለበሱ፣ ሌሎቹም ያሸበረቀውን የባህል ቀሚስ፣ ኪሞኖ፣ የለበሱ ልጆች ከእናት ከአባት፣ ከአያት ጋር ደረጃውን ሞልተውታል። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ልጁ በብሩሽ ብቻውን ሙሉ ቃል የሚሆን አንድ የጃፓን ፊደል ይጽፋል፣ ፊደሉም የልቡ ምኞት ነው። ከጎኗ ያለችው ልጅ "ውበት" ጻፈች። ሌላዋ "ህልም" ጻፈች። ሱዙኖ ብሩሹን ቀለም ነክራ ሸርተት፣ ሸርተት፣ ሸርተት አደረገችና ጨረሰች።

"ወንዝ?" አለ ኩኒሂኮ። "ወንዝ ነው የምትመኚው?"

"ሦስት ጭረት ብቻ ናት፣ አትበላሽም።"

"አንቺስ ጥበቡ ሳይሰጥሽም አለሽ።"

መነኩሴው ጸሎቱን አድርሶ ሲያሰናብታቸው፣ በር ላይ ክታብ የሚሸጡ አንዲት ጎባጣ አሮጊት ሱዙኖን በጣታቸው ጠሯት።

"ነይ የኔ ልጅ፣ ልንገርሽ። አሁን ጥበቡን ተቀብለሻል። ከዚህ ወጥተሽ ድልድዩን ተሻግረሽ እስክትጨርሺ ወደ ኋላሽ እንዳትዞሪ። ከዞርሽ ጥበቡ ተመልሶ እዚሁ ይመጣል። እኔ ደግሞ የተመለሰ ዕቃ አልቀበልም።"

"ሰው ቢጠራኝስ?"

"ይጥራሽ! ዋናዎቹ ጠላቶች እነዚህ ናቸው" አሉ አሮጊቷ ኩኒሂኮን በአገጫቸው እያመለከቱ። "አባቶች። ሆን ብለው ነው የሚጠሩት።"

"እኔን አያቴ ናቸው ያታለሉኝ" አለ ኩኒሂኮ ወደ መንገዱ ሲወጡ። "ኮፍያህ ወደቀ አሉኝ፣ ዞርኩ።"

"ኮፍያህ ወድቆ ነበር?"

"ኮፍያ አላደረግኩም ነበር።"

"አሃ፣ ለካ ለዚህ ነው!" ብላ ሳቀች። "አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ። አንተ ግን እንዳትጠራኝ፣ በሞቴ።"

ድልድዩ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር በሰው ተጨናንቋል። የቼሪው አበባ ረግፎ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ሱዙኖ አንገቷን እንደ ወታደር ቀጥ አድርጋ ከፊት ሄደች፤ ኩኒሂኮ በሦስት እርምጃ ተከተላት። ከአጠገባቸው አንድ ሽማግሌ፣ ኪሞኖ ለብሳ በኩራት ወደምትራመደው የልጅ ልጃቸው፣ "ሂናኖ! ማበጠሪያሽ ወደቀ!" ብለው ጮኹ። ልጅቷ ሳትዞር፣ "ይውደቅ አያቴ! እርስዎ ያንሱት!" አለች። በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ።

አሁን ነው፣ አለ ኩኒሂኮ በልቡ። ከአሁን የተሻለ አይገኝም። ፊቱን አታይም።

"ሱዙ።"

"አልዞርም!"

"አትዙሪ። እንዲያውም አደራ እንዳትዞሪ። የምነግርሽ ነገር አለ።"

"ንገረኛ! ጆሮዬ ከኋላም ይሰማል።"

"ሥራ ቀይረውኛል" አለ።  "ካጎሺማ ነው የመደቡኝ።"

እርምጃዋ ቀነሰ፤ አልቆመም። ከኋላ የሚያየው አጭር የተቆረጠ ፀጉሯንና ለሰውነቷ ሰፋ ያለውን የደንብ ልብስ ትከሻ ብቻ ነበር።

"መቼ ነው የምትሄደው?"

"በሚቀጥለው ሳምንት።"

"ለስንት ጊዜ?"

"አይታወቅም። ለረጅም ጊዜ ነው።"

"ስለዚህ እሑድ እሑድ..."

"አይሆንልንም፣ የኔ ልጅ።"

አንድ ጋሪ ጎታች ሁለት አሮጊቶችን አሳፍሮ እየሮጠ አለፋቸው።  ኩኒሂኮ አለቀ፣ ተነገረ፣ ብሎ ትንፋሹን ሊለቅ ሲል ድምጿ መጣ፤ ከጠበቀው ይልቅ ደመቅ ብሎ።

"ካጎሺማ ያ የሚያጨሰው ተራራ ያለባት ናት አይደል?"

"አዎ።"

"በፈጣን ባቡር እኮ አምስት ሰዓት ቢሆን ነው! ታዲያ የክረምቱ ዕረፍት ሲገባ እመጣለሁ። በወር አንድ ቀን ከምንገናኝ በአንድ ጊዜ አንድ ሳምንት ይሻላል። እማዬን እኔ ራሴ አስፈቅዳታለሁ፣ አንተ ዝም በል፤ አንተ ስትናገር ነገር ይበላሻል። ስማ ደግሞ፣ እዚያ ለጤና ብለው ሰውን በትኩስ አሸዋ ይቀብሩታል፣ ታውቃለህ? ጭንቅላቱ ብቻ ነው የሚቀረው። መጀመሪያ አንተን እቀብርሃለሁ። ከዚያ በመርከብ ወደ ተራራው እንሄዳለን፤ አመዱ ፀጉር ላይ ይዘንባል ብላናለች መምህራችን። እስካሁን አንተ ነህ የምንሄድበትን የምትመርጠው። ከእንግዲህ እኔ ነኝ የምመርጠው፣ እሺ?"

 እሺ የምትለዋ ቃል፣ የለመደችው መንገድ ስለሆነች፣ እስከ ኩኒሂኮ ምላስ ጫፍ መጥታ ቆመች። አንዲት እሺ ብቻ ናት፤ ልጅቷ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ እናቷም ትረጋለች። ከዚያስ? ሐምሌ ሲገባ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ያኔ ቶሞኤ ሌላ ውሸት ታበጃለች፤ ቤት ጠበበው ትላለች፣ ታመመ ትላለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚሉት ለተናገረው ነው እንጂ ለሚጠብቀው አይደለም። ልጁ ከትኩስ አሸዋው ዳር ቆማ የምትጠብቀውን ቀን ሁሉ በዓይነ ሕሊናው አየው።

"እሺ በለኛ አባዬ!"



የድልድዩ መጨረሻ ላይ ደርሰው ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ የሰዎች መሻገሪያው መብራት ሥር ቶሞኤ ቆማለች። አይታቸው እጇን ግማሽ ድረስ አንስታ መልሳ አወረደችው። ሱዙኖ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች።

"ምነው ቆምሽ?"

"አንድ እርምጃ ነው የቀረኝ" አለች ወደ ፊት እያየች። "ትንሽ ልቁም። ድልድዩ ካላለቀ ቀኑም አላለቀም ማለት ነው።"

ሰው በግራና በቀኝ እየታከካቸው ያልፋል። ኩኒሂኮ እዚያው ከኋላዋ ቢቆይ ፊቱን ማንም አያይበትም ነበር። ለአንድ አፍታ ቆየም። ከዚያ አጠገቧን አልፎ፣ ከድልድዩ ወርዶ፣ ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጠረገውም።

"ካጎሺማ አልሄድም" አለ።

ሱዙኖ አፏን ከፈት አድርጋ አየችው።

"ሥራም አልቀየሩኝም። እዚሁ ነኝ፣ እዚያችው ቤት። ዋሽቼሻለሁ።"

"ለምን?"

"ከእንግዲህ በየወሩ እንዳንገናኝ ተወስኗል። ለአንቺ ይሻላል ተባለ።"

"ማን ነው ያለው? እማዬ ናት?"

"ትልልቆቹ ነን። እናትሽ ጠየቀችኝ፣ እኔ እሺ አልኩ። እኔም አለሁበት።"

"አንተ ትፈልጋለህ?"

"አልፈልግም!" ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ፤ አላፊው ሁሉ ዞሮ አየው። "አንድም ቀን ፈልጌ አላውቅም፣ የኔ ልጅ።"

"ታዲያ ለምን እሺ አልክ?"

ለዚህ ጥያቄ መልስ ቢኖረው ኖሮ ምናልባት ሌላ ሰው ይሆን ነበር።  ሱዙኖ ጠበቀችው፤ መብራቱ አንዴ አረንጓዴ ሆኖ ቀይ እስኪሆን ድረስ ጠበቀችው። ከዚያ የቀረቻትን አንድ እርምጃ ተራመደች። ቦርሳዋን አስተካክላ፣ ለመምህር ወይም ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው ከወገቧ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችው።

"ስለ ዛሬው አመሰግናለሁ" አለች።

ኩኒሂኮ እጁን ሊዘረጋ ሲል መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መንገዱን ተሻገረች። ቶሞኤ ቦርሳውን ልትቀበላት ስትል አልሰጠቻትም። እናቲቱ ከልጅቷ ራስ በላይ ወደ ኩኒሂኮ ተመለከተች፤ ምን ብለሃት ነው የምትል ይመስል ነበር። ከዚያ ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው ሱቅ በሞላበት መንገድ ሄዱ።

አሁን ድልድዩ አልቋል፤ ሱዙኖ ወደ ኋላ መዞር ትችል ነበር። አሮጊቷም አይከለክሉም። ኩኒሂኮ ዓይኑን ከዚያ ከሰፋው የደንብ ልብስ ላይ አልነቀለም። የሻይ አይስክሬም የሚሸጥበት ሱቅ ጋ ደረሱ፣ አለፉት። የጃንጥላው ሱቅ ጋ ደረሱ፣ አለፉት። ማዕዘኑ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ እርምጃዋን የቀነሰች መሰለው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው መሐላቸው ገባ፣ ሰዉ ገለል ሲል ሁለቱም አልነበሩም።

የጎብኚዎች ቡድን መሪ ባንዲራዋን እያውለበለበች፣ "እባክዎ መንገዱን ይልቀቁ" አለችው። ይቅርታ ጠይቆ ከድልድዩ ምሰሶ ጋር ተጠጋ። ከዚያ ግን፣ ምሰሶው ከማዕዘኑ በኩል ከሚመለከት ሰው እንደሚከልለው ሲያስተውል፣ ሁለት እርምጃ ወጣ ብሎ ከሩቅ በሚታይበት ቦታ ቆመ፤ የሚገፋው እየገፋው ይለፍ ብሎ።